መዳፌን እያላበኝ ነጭ ልብስ መጥለፍ ከበደኝ፤ መፍትሔ ያገኘ ሰው አለ?

ጥልፍ ከሽሮ ሜዳ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። እስካሁን የሌላውን ሳነብ ነው የኖርኩት፤ ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነው። ትንሽ ይረዝማል፤ ታገሱኝ።

29 ዓመቴ ነው። ሽሮ ሜዳ የሀበሻ ቀሚስ እጠልፋለሁ። በማሽን ሳይሆን በእጅ ነው የምሠራው። የአንገት፣ የደረት፣ የእጅጌ ጥልፍ። ሥራውን ከያዝኩ 12 ዓመት ሆነኝ፤ እወደዋለሁም። ችግሬ እጄ ነው። መዳፌን ያልበኛል። ትንሽ ወዝ ቢሆንማ ምን ነበረበት። እጄን ወደ ታች ካወረድኩት በጣቶቼ ጫፍ ውሃ ይጠራቀምና ጠብ ይላል።

ሰው ሁሉ "ሙቀት ነው" ይለኛል። ሽሮ ሜዳን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ እንጦጦ ሥር ነው፤ ብርድ ነው። ሐምሌ ላይ ጋቢ ደርቤ ጥርሴ እየተንገጫገጨ መዳፌን ግን ያልበኛል። እግሬም እንደዚያው ነው። ቤተ ክርስቲያን ጫማ አውልቄ ስገባ ምንጣፉ ላይ የእግሬ ቅርጽ ይቀራል። ስለዚህ ሁልጊዜ ከኋላ፣ ከግድግዳው ጥግ ነው የምቆመው።

የጀመረኝ በልጅነቴ ነው፤ መቼ እንደሆነ እንኳ በትክክል አላስታውስም። ስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ስፈተን የመልስ ወረቀቱ ከእጄ ሥር ርሶ ተቀደደ። ፈታኙ ደግ ሰው ነበሩ፤ ሌላ ወረቀት ሰጡኝ። እኔ ግን መልሼ ሳጠቁር ሰዓቱ አለቀ። ስልኬ ጣቴን አይቀበልም። ለመታወቂያ አሻራ ስሰጥ አምስት ጊዜ እጄን አስጠርገውኝ ነው በመከራ የተያዘው። ሰው ሊጨብጠኝ እጁን ሲዘረጋ ፈጠን ብዬ ጉንጬን እሰጣለሁ፤ ወይም ዕቃ የያዝኩ እመስላለሁ። ይሄን ስንት ዓመት እንዳደረግኩት!

አሁን ለመጻፍ ያነሳሳኝ ግን ባለፈው ጥር የሆነው ነው። ጥር የሰርግ ወር ነው፤ ሥራ ይበዛል። የአንዲት ሙሽራ ቀሚስ ደረቱን ለ11 ቀን ጠለፍኩት። ለማስረከብ ስንዘረጋው ሁለት የዝገት ነጥብ ተገኘበት። መርፌው እጄ ላይ ሆኖ በላቤ ዝጎ ነው። ሌሎቹ ጠላፊዎች አንድ መርፌ ለወራት ይይዛሉ፤ እኔ በሳምንት ሁለት ሦስት እቀይራለሁ። በዚያ ላይ ክሩ ጣቴ ያረፈበት ቦታ ይጠቁራል። አሠሪዬ ክፉ አይደለችም፤ ግን የጨርቁን ከደሞዜ ቆረጠች። ከዚያ ወዲህ ነጭ ልብስ ስትሰጠኝ ቀድማ እጄን ታያለች። እሱ ነው የሚያመኝ።

የሞከርኩትን ልንገራችሁ። የሕፃን ፓውደር፤ ከላቡ ጋር ተቦክቶ ሊጥ ይሆናል። ሎሚ፤ ያቃጥላል እንጂ ምንም አላደረገልኝም። ጓንት፤ በጓንት መርፌ አይጨበጥም። ጠበልም ተጠመቅሁ፤ መንፈሴን አረጋግቶልኛል፤ እጄ ግን እንዳለ ነው። አምና አንድ ክሊኒክ ሄጄ አሉሚኒየም ክሎራይድ 20 በመቶ የሚል በትንሽ ጠርሙስ ታዘዘልኝ። "ተቀቢው" ነው የተባልኩት፤ ሌላ ማብራሪያ የለም። ጠዋት ጠዋት እጄን በሳሙና ታጥቤ ወዲያው እየተቀባሁ ወደ ሥራ ሄድኩ። አቃጠለኝ፣ አሳከከኝ፣ በሦስተኛው ቀን በጣቶቼ መሀል ተላላጠ። ተውኩት። ጠርሙሱ እስካሁን ሳጥኔ ውስጥ አለ።

ጎረቤቶቼ "ልቧ ፈሪ ስለሆነ ነው" ይላሉ። አባቴም እንደኔ ነው፤ ሸማኔ ነው፤ ከጉድጓዱ ጎን ሁልጊዜ አመድ በጣሳ ያስቀምጥ ነበር። እጁን በአመድ እያሸ መወርወሪያውን ሲይዝ እያየሁ ነው ያደግኩት። ሽማግሌ እስኪሆን ማንም በሽታ ነው ብሎት አያውቅም።

እውነት ይሄ ነገር ሕክምና አለው? ቀዶ ሕክምና አለ ሲሉም ሰምቻለሁ። የሞከረ ሰው ካለ እባካችሁ ንገሩኝ።

ሾፌሩ ከሲልቨር ስፕሪንግ

እህቴ፣ ጽሑፍሽን መኪናዬ ውስጥ ተቀምጬ ነው ያነበብኩት። ስጨርስ መሪው ላይ ጠምጥሜው የኖርኩት ፎጣ ትዝ አለኝ። አራት ዓመት ሙሉ ያለ ፎጣ መሪ ይዤ አላውቅም ነበር። ያንቺን ጉንጭ የመስጠት ዘዴ እኔም አውቀዋለሁ። የኔ ትከሻ ነበር፤ ሰላምታ ሁሉ በትከሻ።

ያደግኩት ቄራ ነው፤ አሁን ሜሪላንድ ነኝ። ለኔ የሠራልኝ አዮንቶፎሬሲስ የሚባለው ነው። ስሙ ያስፈራል፤ ነገሩ ቀላል ነው። ሁለት ዝርግ ሳህን የቧንቧ ውሃ ይሞላባቸዋል። አንዱ እጅ እዚህ፣ አንዱ እዚያ ይነከራል። ማሽኑ ደካማ ኤሌክትሪክ በውሃው በኩል ወደ መዳፍ ይልካል። መጀመሪያ ጉንዳን የሚሄድብሽ ይመስልሻል። የእጅ አንጓሽ ጋ፣ ውሃው ቆዳውን የሚነካበት መስመር ላይ ትንሽ ይቆነጥጣል። በቃ። ቀለበትና ሰዓት ይወልቃል። የተጫረ ቦታ ካለ በላዩ ቫዝሊን ይቀባል፤ አለዚያ ያቃጥላል።

በሳምንት አራት ቀን፣ 20 20 ደቂቃ ጀመርኩ። የመጀመሪያው ሳምንት ምንም። ሁለተኛው ሳምንት ምንም፤ ልተወው ነበር። ሦስተኛው ሳምንት ላይ አንድ ቀን ነዳጅ ቀድቼ ደረሰኙን ስቀበል ወረቀቱ እጄ ላይ አልተጣበቀም። ቆሜ አየሁት። ከዚያ ወዲህ በሳምንት አንዴ ይበቃኛል። ቤት ስቀይር ሁለት ወር አቋርጬው ነበር፤ ላቡ ተመለሰ። ስለዚህ ይቆጣጠረዋል እንጂ ነቅሎ አይጥለውም። ይሄን ማወቅ አለብሽ።

ቦቶክስም አንዴ ተወግቻለሁ። መዳፍ ላይ በብዙ ቦታ በትንንሽ መርፌ ነው። ሕመሙን አልደብቅሽም፤ ከባድ ነው። አምስት ወር ያህል ደረቅ አደረገኝ። ግን ሦስት ሳምንት አውራ ጣቴ ደከመ፤ የውሃ ጠርሙስ ክዳን መክፈት አቃተኝ። አንቺ ደግሞ መርፌ ያዥ ነሽ። በደንብ አስቢበት።

አንድ ነገር ልለምንሽ። ዩቲዩብ ላይ ማሽኑን በባትሪና በሽቦ ቤት ውስጥ የሚሠሩ ሰዎች አሉ። እንዳትሞክሪው። በተለይ ከግድግዳ መብራት ጋር የሚገናኝ ነገር ከውሃ ጋር ቀልድ አያውቅም። በልባቸው ማሽን የተገጠመላቸውና ነፍሰ ጡሮችም ይሄ ሕክምና አይሰጣቸውም።

የቆዳ ሐኪም

ጤና ይስጥልኝ እህቴ። በቆዳ ሕክምና ነው የምሠራው። ብዙ ከመናገሬ በፊት አንድ ጥያቄ አለኝ፤ እንቅልፍ ላይ እያለሽ ያልብሻል? ሌሊት የነቃሽ እንደሆነ እጅሽን ነክተሽው ታውቂያለሽ? ሌላው፣ ክብደት ቀንሰሻል? ልብሽ ያለ ምክንያት ይመታል? ትኩሳት፣ ሳል? የምትወስጂው መድኃኒትስ አለ?

ጥልፍ ከሽሮ ሜዳ

ዶክተር እግዜር ይስጥልኝ። ሌሊት አያልበኝም። ጠዋት ስነቃ እጄ ደረቅ ነው፤ እንደ ሰው እጅ። አምስት ደቂቃ ያህል እንደዚያ ይቆያል። ከአልጋ ሳልነሣ ብርድ ልብሱን እዳስሳለሁ። ያቺን አምስት ደቂቃ በጣም እወዳታለሁ። ተነስቼ ፊቴን ስታጠብ ይጀምራል።

ክብደቴ እንዳለ ነው። ሳልም ትኩሳትም የለኝም። መድኃኒት አልወስድም።

ወንድሜ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ስለ አውራ ጣቱ ስለነገርከኝ አመሰግናለሁ። ያንን ማንም አይነግረኝም ነበር።

የቆዳ ሐኪም

ያቺ አምስት ደቂቃ ብዙ ነገር ነገረችኝ።

ያለብሽ ነገር ስም አለው፤ ሃይፐርሃይድሮሲስ ይባላል። ያንቺ ዓይነቱ ከሌላ በሽታ የመጣ ሳይሆን ራሱን ችሎ የሚቆም ነው። ምልክቶቹ ሁሉ አንቺ ጋ አሉ። 25 ዓመት ሳይሞላሽ ጀመረሽ። ሁለቱም እጅሽ እኩል ነው። በቤተሰብ አለ። ሥራሽን አሰናከለ። እንቅልፍ ላይ ይቆማል። ይሄ የመጨረሻው ለኛ ትልቁ ነው።

ሰውነታችን ከ2 እስከ 4 ሚሊዮን የላብ እጢ አለው፤ በብዛት ከተጠጋጉባቸው ቦታዎች ዋናዎቹ መዳፍና የእግር መርገጫ ናቸው። ያንቺ እጢዎች ጤነኞች ናቸው። ቁጥራቸውም ከኔ አይበልጥም። የበዛው ከነርቭ የሚመጣላቸው ትእዛዝ ነው። የመዳፍ ላብ ከሙቀት ይልቅ ለስሜትና ለሐሳብ ነው የሚታዘዘው፤ ለዚህ ነው በሐምሌ ብርድ የሚያልብሽ፤ ስትተኚ ደግሞ አእምሮሽ ሲያርፍ የሚደርቀው። ስትጨነቂ ይብስብሻል፤ እውነት ነው። ግን ፍርሃት አይደለም ያመጣው። ጎረቤቶችሽ ተሳስተዋል። አንድ ልጅ ገና ሰባት ዓመት ሳይሞላው እጁን የሚያልበው ፈሪ ሆኖ አይደለም።

አሁን ወደ ጠርሙስሽ። መድኃኒቱ ትክክለኛ ነው፤ የመጀመሪያው ሕክምናም እሱ ነው። የተበላሸው አቀባቡ ነው፤ ጥፋቱም ያንቺ አይደለም፤ ማስረዳት የነበረበት የሰጠሽ ሰው ነው። አሉሚኒየም ክሎራይድ ከውሃ ጋር ሲገናኝ አሲድ ይፈጥራል። ታጥበሽ ወዲያው ስትቀቢው፣ በዚያ ላይ ጠዋት ላቡ በሚመጣበት ሰዓት፣ እጅሽ ላይ አሲድ ሠራሽ ማለት ነው። ቆዳሽ የተላላጠው በዚህ ነው። ደግሞም ጠዋት ላቡ እየገፋ ያወጣዋል፤ ሥራውን ሳይሠራ ይታጠባል።

እንደዚህ አድርጊ። ማታ ልትተኚ ስትይ ነው የሚቀባው። እጅሽን ከታጠብሽ ግማሽ ሰዓት ይለፍ። በፎጣ ጠርገሽ ብቻ አይበቃም፤ ማራገቢያ ወይም በቀዝቃዛው ያደረግሽው የፀጉር ማድረቂያ ላይ ያዥው። እጅሽ ደረቅ ካልሆነ በዚያ ማታ አትቀቢ። በስሱ ቀብተሽ እስኪደርቅ ጠብቂ። ከዚያ ተኚ። እንቅልፍ ላይ እጢው ያርፋል፤ መድኃኒቱ ወደ ላብ ቱቦው አፍ ይገባና ይደፍነዋል። ጠዋት በውሃና በሳሙና ታጠቢው።

አንቺ ቆዳሽ ተላልጦ ስለነበር መጀመሪያ ማታ አልፎ ማታ ጀምሪ። ካሳከከሽ አንድ ሁለት ቀን አሳርፊው፤ ሃይድሮኮርቲዞን 1 በመቶ ክሬም ጠዋት ለጥቂት ቀን ይረዳል። የተሰነጠቀ ወይም የቆሰለ ቦታ ላይ አይቀባም። እየደረቀ ሲመጣ በሳምንት አንዴ ወይም ሁለቴ ይበቃል። የመዳፍ ቆዳ ወፍራም ስለሆነ ከብብት ይዘገያል፤ አራት አምስት ሳምንት ታገሺው። አምና የተገዛ ስለሆነ ጠርሙሱ ላይ ያለውን ቀን እይው፤ ካለፈ አዲስ ይቀመምልሽ።

ለጠላፊ ደግሞ ልዩ ማሳሰቢያ አለኝ። ይሄ ፈሳሽ ጨርቅ ይጎዳል፤ ብረትም ያዝጋል። ማታ ያረጀ የጥጥ ጓንት አድርገሽ ተኚ፤ ጠዋት ሳትታጠቢ ቀሚሱንም መርፌውንም አትንኪ። አሉሚኒየም ካንሰር ያመጣል የሚል ወሬ ይነግሩሽ ይሆናል፤ የተረጋገጠ ነገር የለም።

ሎሚውን ግን እርሺው። ሎሚ የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው ክፉኛ ይቃጠላል፤ ጥቁር ምልክትም ይተዋል። በሻይ ቅጠል መንከርም የሚሉ አሉ፤ አንቺን እጅሽን አቅልሞ ነጩን ልብስ ያበላሽብሻል።

ይሄ ካልሠራ ቀጣዩ ወንድማችን የነገረሽ የውሃው ሕክምና ነው። የሚዋጡ ኪኒኖችም አሉ፤ ኦክሲቡታይኒንና ግላይኮፒሮሌት። ነርቩ ለእጢው የሚያስተላልፈውን መልእክት ይከለክላሉ። ግን ከእጅ ብቻ አይደለም የሚከለክሉት። አፍ ይደርቃል፤ ሆድ ይደርቃል፤ ዓይን ይደበዝዛል፤ ሽንት ያስቸግራል። ቆላ ለሚኖር ሰው፣ አፋር ወይም ድሬዳዋ ለሚሠራ፣ የበለጠ እፈራለሁ፤ ሰውነት ማላብ ሲያቅተው ሙቀቱ ውስጥ ይቀራል። ከሐኪም ውጭ አይጀመሩም።

አዲስ አበባ ስላለሽ፣ በዚህ ካልተሻለሽ አለርት ሆስፒታል የቆዳ ክፍል ሪፈር አጽፈሽ ሂጂ። አገራችን ውስጥ ለቆዳ ነገር የሰለጠነ ዓይን ካለባቸው ቦታዎች አንዱ እሱ ነው።

እትዬ ከባሕር ዳር

ልጄ፣ እኔ 51 ዓመቴ ነው። ያንቺን ሳነብ እንባዬ መጣ። የኔ ግን ሌላ ዓይነት ስለነበር ለሌላው አንባቢ ብዬ ልጻፈው።

እኔን ሌሊት ነበር የሚያልበኝ። ቀን ደህና ነኝ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስነቃ የሌሊት ልብሴ ይጨመቃል። አንሶላውን እቀይራለሁ፤ እንደገና ይርሳል። ዕድሜ ነው አልኩ፤ የወር አበባዬም እየቆመ ነበር፤ የጓደኞቼም ሁሉ ሙቀት ሙቀት ይላቸዋል። ግን እኔ ቀሚሴ ሰፋኝ። ሳሉም ነበረ፤ ትንሽ ነው እያልኩ ሁለት ወር ቆየሁ።

ጤና ጣቢያ የወሰደችኝ የሰፈራችን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት። አክታዬን መረመሩት፤ ቲቢ ነው። ስድስት ወር መድኃኒቱን ዋጥኩ፤ አንድም ብር አልከፈልኩም። ላቡ በአንድ ወር ውስጥ ጠፋ። አሁን ደህና ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። እባካችሁ፣ ሌሊት የሚያልባችሁ ሰዎች እንደኔ አትቆዩ።

የቆዳ ሐኪም

እትዬ፣ ስለጻፉልን በጣም አመሰግናለሁ። ይሄ መጻፍ ነበረበት።

ትንሽ ልጨምርበት። ላቡ በአዋቂነት በድንገት ከጀመረ፣ መላ አካልን ከያዘ ወይም ከእንቅልፍ ከቀሰቀሰ ምክንያቱ ይፈለጋል። ቲቢ አንዱ ነው። አንገት ላይ ያለው የታይሮይድ እጢ ሥራው ሲበዛ ያልባል፤ ያን ጊዜ ልብ ይመታል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ እየበሉ መክሳት አለ፤ አንዳንዱ ላይ እንቅርት ይታያል። የድባቴ መድኃኒቶች አንዳንዶቹ ላብ ያመጣሉ፤ ያኔ መድኃኒቱን ራስ ማቆም ሳይሆን ላዘዘው ሐኪም መንገር ነው። ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው በድንገት ቀዝቃዛ ላብ ካላበው ስኳሩ ወርዶ ሊሆን ስለሚችል እዚያው ስኳር ወይም ጣፋጭ ነገር ይሰጠው። ደረት እያመመ ቀዝቃዛ ላብ የሚያጠምቀው ሰው ካለ ደግሞ እዚህ አትጻፉ፤ ወዲያው ሆስፒታል አድርሱት።

ከአሽዶድ

ስለ ቀዶ ሕክምናው ጠይቀሽ ነበር። እኔ አድርጌዋለሁ። እስራኤል ነው የምኖረው፤ ሲሠራልኝ 22 ዓመቴ ነበር። አሁን 34 ሆኖኛል።

በብብት ሥር በትንንሽ ቀዳዳ ገብተው፣ ደረት ውስጥ ከጀርባ አጥንት ጎን የሚወርደውን ነርቭ ነው የሚቆርጡት። ከማደንዘዣው ስነቃ እጄ ደረቅ ነበር። እውነቴን ነው፤ እንደ ወረቀት ደረቅና ሙቅ። እናቴ እጄን ይዛ አለቀሰች። ያን ቀን ብትጠይቂኝ ኖሮ ሩጪ፣ አሠሪ እልሽ ነበር።

በጋ ሲመጣ ነው የገባኝ። ላቡ አልጠፋም፤ ቦታ ቀየረ። ጀርባዬን፣ ሆዴን፣ ጭኔን ያልበኝ ጀመር። አሽዶድ የባሕር ዳርቻ ከተማ ናት፤ በሐምሌ እርጥበቱ ያፍናል። በቀን ሦስት ሸሚዝ እቀይራለሁ። ግራጫ ሸሚዝ መልበስ ትቻለሁ። ሱሪዬ ወንበር ላይ ምልክት ስለሚተው ጨለም ያለ ቀለም ብቻ ነው የምገዛው። መዳፌ ደግሞ ከመድረቁ ብዛት ይሰነጠቃል፤ ክሬም ከኪሴ አይጠፋም።

ሐኪሜ ከመሥራቱ በፊት ይሄ ሊመጣ እንደሚችል ነግሮኛል፤ ወረቀት ላይም ፈርሜያለሁ። ግን 22 ዓመት ሆኖሽ እጅሽ ብቻ በሚታይሽ ጊዜ ሌላውን አትሰሚውም። ረክቻለሁ የሚሉ አውቃለሁ፤ አብሮኝ የተሠራለት ልጅ ዛሬም ያመሰግናል። እኔ አንዳንድ ቀን አመሰግናለሁ፤ አንዳንድ ቀን አለቅሳለሁ። የተቆረጠ ነርቭ አይመለስም። እህቴ፣ መጀመሪያ ሌላውን ሁሉ ጨርሺ።

የቆዳ ሐኪም

ወንድማችን የጻፈውን አንድ ቃል አልቀንስበትም። ላቡ ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል መዞሩ በብዙዎች ላይ የሚደርስ ነው፤ በማን ላይ እንደሚከብድ ግን አስቀድሞ አይታወቅም። የመጨረሻው በር ነው።

ጥልፍ ከሽሮ ሜዳ

ተመለስኩ። ስድስት ሳምንት ሆኖኛል። የጠየቃችሁኝ ስላላችሁ እንዴት እንደሆነ ልጻፍ።

የድሮው ጠርሙስ ቀኑ አልፎበት ነበር። አዲስ አስቀመምኩ። ፀጉር ማድረቂያ የለኝም፤ ከጎረቤቴ ከፀጉር ሠሪዋ እየተዋስኩ ነው። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ እታጠባለሁ። ከዚያ ምንም ሳልነካ እቀመጣለሁ። ግማሽ ሰዓት እጅን ሥራ ማስፈታት እንዴት ከባድ እንደሆነ! እናቴ መጀመሪያ ቀን "ምን ሆነሽ ነው ተዘርግተሽ የተቀመጥሽው" አለችኝ፤ አሁን ዜና እያየን አብራኝ ትቀመጣለች።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ማታዎች ልቤ ፈርቶ ነበር። ወጋ ወጋ አደረገኝ እንጂ እንደ አምናው አላቃጠለኝም። በሁለተኛው ሳምንት በቀኝ እጄ ጣቶች መሀል አሳከከኝ፤ ሁለት ቀን አሳረፍኩት፤ ክሬሙንም ቀባሁ፤ ተወኝ። በአራተኛው ሳምንት ያቺ የጠዋት አምስት ደቂቃ ረዘመች። መጀመሪያ እስከ ቁርስ። ከዚያ ታክሲ ውስጥ ሳንቲም ቆጥሬ ስሰጥ ደረቅ ነበርኩ። አሁን እስከ ምሳ ድረስ እሠራለሁ። ከሰዓት በኋላ ይመጣል፤ ግን ይወዛል እንጂ አይንጠባጠብም። ድሮ ስድስት መሐረብ የምጨርሰው ሴትዮ አሁን አንድ ይበቃኛል።

በአንድ መርፌ 19 ቀን ሠራሁ። ቆጥሬዋለሁ። ዝገት የለውም። በወረቀት ጠቅልዬ አስቀምጬዋለሁ።

አሠሪዬንም ነገርኳት። ስሙን ጽፌ አሳየኋት። ዝም ብላ አነበበችና "በሽታ መሆኑን ባውቅ ኖሮ እንደዚያ አላደርግም ነበር" አለችኝ። የቆረጠችውን አልመለሰችም፤ እኔም አልጠየቅኳትም። ግን ከትናንት ወዲያ የክርስትና ነጭ ቀሚስ ሰጠችኝ፤ እጄን ሳታይ።

አባቴ ጋ እሑድ ሄጄ ነበር። 66 ዓመቱ ነው፤ አሁን ሽመናውን ትቶታል፤ ለጎረቤት ነጠላ ሲሆን ብቻ ጥለት ያስገባል። የጻፋችሁልኝን ሁሉ ነገርኩት። ነርቭ ነው፣ በዘር ይመጣል፣ የፍርሃት አይደለም አልኩት። ብዙ ሰዓት አልተናገረም። ከዚያ "አባቴም አመድ ያስቀምጥ ነበር" አለኝ። ይሄን እስከ ዛሬ አላውቅም ነበር።

ዶክተር፣ ሁለት ጥያቄ ቀረኝ። እግሬ ላይም ይሄንኑ ልቀባው? አባቴስ ቢቀባ ችግር አለው? የደም ግፊት መድኃኒት ይወስዳል።

የቆዳ ሐኪም

19ኙን ቀን ሳነብ ከወንበሬ ተነሣሁ፤ በጣም ደስ ብሎኛል።

እግርሽ ላይ ይቻላል፤ ሕጉ አንድ ነው፤ ማታ፣ ደረቅ ቆዳ ላይ። በጣቶችሽ መሀል ነጭ ሆኖ የሚላጥ፣ የሚያሳክክና የሚሸት ካለ ፈንገስ ሊሆን ስለሚችል መጀመሪያ እሱ ይታከም፤ እዚያ ላይ መድኃኒቱን አትቀቢ። ቀን የጥጥ ካልሲ አድርጊ፤ በቦርሳሽ ሌላ ያዢና ምሳ ሰዓት ቀይሪ። አንድ ጫማ ሁለት ቀን ተከታትሎ አይለበስ፤ ፀሐይ ይምታው። ላስቲክ ጫማ ተዪ።

ለአባትሽ የሚቀባው ከደም ግፊት መድኃኒቱ ጋር አይጋጭም። ኪኒኖቹን ግን በሱ ዕድሜ አልመክርም፤ ሽንት ይይዛሉ፤ አእምሮንም ያደናግራሉ። የሽማግሌ ቆዳ ስለሚሳሳ ለሱ በሳምንት ሁለት ማታ ብቻ ጀምሩ። የእጁ ቆዳ ከአመዱ የተነሣ የተሰነጣጠቀ ከሆነ መጀመሪያ ሁለት ሳምንት ቫዝሊን ቀቢለትና ይዳን። ጓንቱንም አትርሺ፤ እሱ ዘንድም ነጠላ አለ።